ባለ 8 ኢንች ርካሽ ታብሌት መሥራት ያዋጣል?

ፉሪ ያለው የጥገና ሱቄ የሚመጡ ወላጆች «ለልጄ የሚሆን፣ ዋጋው የማይጎዳ ታብሌት የለም?» ይሉኛል። እዚሁ አገር ቢገጣጠም ያዋጣል ባይ ነኝ፤ ባለ 7 ኢንች ግን አይሁን። እ.ኤ.አ. በ2012 ጎግል ኔክሰስ 7ን በ199 ዶላር ሲያወጣ መጠኑ ገበያ ነበረው። ዛሬ ስልኩ ራሱ 6.7 ኢንች ስለደረሰ ልዩነቱ ጠፍቷል።

ቅርጻቸው አንድ ከሆነ፣ የ8 ኢንች ስክሪን ስፋት ከ10.1 ኢንቹ በ37 በመቶ ያህል ያንሳል። ስክሪኑ ሲያንስ ባትሪውም ያንሳል፤ ዋጋ መቀነስ ያለበት እዚህ ላይ ነው። ከራም ላይ መቀነስ ግን ልጆቹን መበደል ነው። ባለ 2 ጊጋ ታብሌት ላይ ከበድ ያለ የመማሪያ መጽሐፍ ፒዲኤፍ ክፈቱ፦ ገጹ ነጭ ሆኖ ይቆያል፣ ፊደሉ ቀስ እያለ ይመጣል፣ ልጁ ይሰለቻል።

ልጆቻችን መጠቀም ያቅታቸዋል የሚል ካለ፣ እ.ኤ.አ. በ2012 ወንጪና ወለንጪቲ አካባቢ የሆነውን ያስታውስ። ትምህርት ቤት ያልገቡ ልጆች ሞቶሮላ ዙም ታብሌትና የሶላር ቻርጀር ተሰጥቷቸው፣ ያለ አስተማሪ ራሳቸው ከፍተው ተጠቅመውበታል። ይዘቱ እንግሊዝኛ መሆኑ ግን እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ሌላው የቻርጀር መሰኪያው ነው። እኔ ጋ ቶሎ ተበላሽቶ የሚመጣው እሱ ነው። ዋናው ቦርድ ላይ ከተበየደ ጥገናው ውድ ይሆናል፤ ለብቻው ትንሽ ቦርድ ላይ ከሆነ ወዲያው ይቀየራል። ገጣጣሚዎች፣ እባካችሁ ይህን ቦርድና የስክሪኑን መስታወት ከታብሌቱ ጋር አብራችሁ መርካቶ አስገቡልን።