የግራፊክስ ካርድ ዕድሜ በማን እጅ ነው?

የቪዲዮ ጌም በኮምፒውተር ላይ እንዲሠራ ስርዓተ ክወናው ከግራፊክስ ካርዱ ጋር መግባባት አለበት፤ ይህን የሚያስችለው ድራይቨር የተባለው ፕሮግራም ሲሆን፣ ከጌሙ የሚመጣውን ትእዛዝ ካርዱ ሊፈጽመው ወደሚችለው መመሪያ ይለውጣል። በዊንዶውስ ላይ ይህን ፕሮግራም የሚያዘጋጀውና የሚያድሰው የካርዱ ቺፕ አምራች ነው። የምንጭ ኮዱ፣ ማለትም ፕሮግራመሮች የጻፉት ዋናው ጽሑፍ፣ ለማንም ክፍት በሆነው በሊኑክስ ላይ ግን ድራይቨሩን ማን ይጽፋል፣ እስከ መቼስ ያድሰዋል የሚለው ጉዳይ ከሃያ ዓመታት በላይ ሲያከራክር ቆይቷል።

የክርክሩ ሥር ከርነል በሚባለው የስርዓቱ እምብርት አሠራር ላይ ይገኛል። የሊኑክስ ከርነል ውስጣዊ ክፍሎቹ የሚገናኙበትን መንገድ ሳይለወጥ ለማቆየት ቃል አይገባም፤ በመሆኑም በከርነሉ ውስጥ የተካተቱትን ድራይቨሮች ለውጡን ያመጣው ባለሙያ አብሮ ሲያስተካክላቸው፣ ዝግ ሆነው ከውጭ የሚመጡት ግን አምራቹ ካላደሳቸው በአዲሱ ከርነል ላይ መሥራት ያቆማሉ። ስለዚህ ድራይቨሩ ዝግ የሆነ ካርድ፣ አካሉ ምንም ያልተበላሸ ቢሆን እንኳ፣ የአገልግሎት ዘመኑ በኩባንያው ውሳኔ የተገደበ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2006 የግራፊክስ ቺፕ አምራቹን ኤቲአይን የገዛው ኤኤምዲ በቀጣዩ ዓመት የካርዶቹን ቴክኒካዊ ሰነዶች ለማውጣትና ክፍት ድራይቨርን ለመደገፍ ወሰነ፤ በ2015 ደግሞ ኤኤምዲጂፒዩ የተባለው ድራይቨሩ በሊኑክስ ከርነል 4.2 ውስጥ ተካተተ። የዚህ መንገድ ፍሬ ጎልቶ የታየው ቩልካን በተባለው ዘመናዊ የግራፊክስ ደንብ ላይ ነው፤ ኩባንያው የራሱን የቩልካን ድራይቨር ኮድ ከመክፈቱ በፊት ከኩባንያው ውጭ ያሉ ፕሮግራመሮች በ2016 ራድቪ የተባለውን ጀመሩ፣ በ2025 ኤኤምዲ የራሱን ሥራ አቁሞ ድጋፉን ወደ ራድቪ አዞረ።

ሌላው የግራፊክስ ቺፕ አምራች ኤንቪዲያ በአንጻሩ ለሊኑክስ ፈጣንና የተሟላ ድራይቨር ለረጅም ዓመታት ቢያቀርብም ኮዱን ዘግቶ ይዞት ቆየ። ኑቮ የተባለውን ክፍት ድራይቨር የጻፉት ባለሙያዎች ሰነድ ስላልነበራቸው የካርዱን ጠባይ እየመረመሩ አሠራሩን ለመረዳት ተገደዱ። ከ2014 ወዲህ በወጡት ካርዶች ላይ ደግሞ ፈርምዌሩ፣ ማለትም በካርዱ ውስጥ የሚሠራው መቆጣጠሪያ ፕሮግራም፣ የኩባንያው ዲጂታል ፊርማ የሚያስፈልገው በመሆኑ ኑቮ የካርዱን ፍጥነት ከፍ ማድረግ ለዓመታት ተሳነው፤ ጌምም በዝቅተኛ ፍጥነት ብቻ የሚሠራ ሆነ። የሊኑክስ መሥራች ሊነስ ቶርቫልድስ ቀደም ብሎ በ2012 ፊንላንድ ውስጥ ኩባንያውን በአደባባይ አጥብቆ ነቅፏል። ኤንቪዲያ በ2022 በከርነል በኩል ያለውን የድራይቨሩን ክፍል ኮድ ከፈተ፤ ይሁንና ይህ ከ2018 ወዲህ የወጡትን ካርዶች ብቻ የሚመለከት ሲሆን፣ ከጌሙ ጋር የሚገናኘው ሰፊው ክፍል አሁንም ዝግ ነው።

ጉዳዩን ከባለሙያዎች ክበብ አውጥቶ ወደ ተጫዋቹ ያደረሰው የጌም ኩባንያው ቫልቭ ነው። ኩባንያው በ2018 ለዊንዶውስ የተሠሩ ጌሞች በሊኑክስ ላይ እንዲሠሩ የሚያደርገውን ፕሮቶንን አወጣ፤ በ2022 ለገበያ ያቀረበው ስቲም ዴክ የተባለው የእጅ መጫወቻም በኤኤምዲ ቺፕና በክፍት ድራይቨር የሚሠራ ነው። ጥቅሙ ለአዳዲስ ካርዶች ብቻ አልቀረም፦ በ2012 አካባቢ የወጡ የኤኤምዲ ካርዶች ከአሮጌው ድራይቨር ወደ ኤኤምዲጂፒዩ እንዲሸጋገሩ በ2025 የቫልቭ ባለሙያ ሠርቷል፤ ኤንቪዲያ ግን በዚያው ዓመት በ2016 ለወጡት፣ «10 ሲሪዝ» ለሚባሉት ካርዶቹ ቁጥር 580 የተሰጠው የድራይቨር ትውልድ የመጨረሻው እንደሚሆን አስታውቋል።

ኮድ መክፈት ብቻውን ሁሉንም አይፈታም፤ ኮምፒውተርን ከስክሪን ጋር የሚያገናኘውን የኤችዲኤምአይ ደረጃ የሚያወጣው የኤችዲኤምአይ ፎረም በ2024 ኤኤምዲ የ2.1 ደረጃን በክፍት ድራይቨር እንዲያቀርብ ሳይፈቅድ መቅረቱ ኩባንያ ቢፈልግም ሌላ አካል ሊከለክል እንደሚችል ያሳያል። ሆኖም የሃያ ዓመቱ ልምድ የሚያስተምረው ግልጽ ነው፤ ካርድ የገዛ ሰው በንብረቱ ላይ ሙሉ በሙሉ የሚያዘው አምራቹ ድጋፉን ሲያቆም ሌሎች ሥራውን መቀጠል ከቻሉ ብቻ ስለሆነ፣ ቴክኒካዊ ሰነዱና ለድራይቨር ጸሐፊዎች የሚያገለግል ፈርምዌር በአምራቹ በጎ ፈቃድ የሚሰጡ ስጦታዎች ሳይሆኑ ከዕቃው ጋር አብረው የተሸጡ ክፍሎች ተደርገው ሊቆጠሩ ይገባል።