ውድ ዕዳ በርካሽ ዕዳ ሲከፈል፦ እንዴት ይሠራል?

መርካቶ ሸማ ተራ ውስጥ ሰው አራጣ አበዳሪ ጋ የሚሄደው ጨንቆት ነው። ጥቅምት 2017 በደረሰው ቃጠሎ እንዳየነው ዕቃ በአንድ ሌሊት ይጠፋል፤ በዱቤ የተወሰደ ከሆነ ደግሞ ዕዳው ይቀራል።

አንድ ነጋዴ 100,000 ብር በወር 10 በመቶ አራጣ ወሰደ እንበል። በየወሩ 10,000 ብር ይከፍላል። ዓመት ሲሞላው 120,000 ብር ከኪሱ ወጥቷል፣ ከዋናው ግን አንድ ብር አልቀነሰም። አበዳሪው እጅ ነጋዴው የፈረመው ቼክ አለ፤ ወለዱን ያቋረጠ ቀን ቼኩ ባንክ ይቀርብና በደረቅ ቼክ ይከሰሳል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በግለሰቦች ብድር ላይ በዓመት ከ12 በመቶ በላይ ወለድ አይፈቅድም፤ በሰው ችግር ተጠቅሞ በአራጣ ማበደርም በ1996ቱ የወንጀል ሕግ ያስቀጣል። ችግሩ ማስረዳቱ ላይ ነው፤ ወለዱ ከዋናው ጋር ተደምሮ ከተጻፈ የብድሩ ወረቀት አራጣውን አያሳይም።

አሜሪካ ያሉ ዘመዶቻችን ከክሬዲት ካርድ ወለድ የሚያመልጡበት አንድ መንገድ አላቸው። ካርዱ በዓመት ከ20 በመቶ በላይ ሲያስከፍላቸው፣ ዕዳውን ለተወሰኑ ወራት ወለድ ወደማይጠይቅ ሌላ ካርድ ያዛውሩታል። ለማዛወሪያው አንድ ጊዜ ብዙውን ጊዜ ከ3 እስከ 5 በመቶ ይከፍላሉ። ከዚያ በኋላ የሚከፍሉት ሁሉ ዋናውን ይቀንሳል። ጊዜው ካለቀ ግን በተረፈው ላይ መደበኛው ወለድ ይጀምራል።

የሸማ ተራ ነጋዴ ለዚህ ካርድ አያስፈልገውም፤ ዕቁብ አለው። 20 ሰው በሳምንት 5,000 ብር ቢጥል ዕጣው 100,000 ብር ነው። ዕጣው በሁለተኛው ሳምንት የወጣለት ሰው ዋስ ጠርቶ ብሩን ይወስድና የአራጣ ዕዳውን ይዘጋል፤ ቀሪውን 90,000 ብር በ18 ሳምንት ያለ ምንም ወለድ ይጥላል። በእነዚያ 18 ሳምንታት አራጣው ከ40,000 ብር በላይ በበላ ነበር፣ ዋናውም እንዳለ በቆየ ነበር። ዕጣው ካልወጣለት ከደረሰው ሰው ይገዛል። 5,000 ብር ቢያስጨምረው እንኳ የአራጣው የግማሽ ወር ወለድ ነው። እንደ እኔ ከባንክ ደጅ ጥናት በፊት መታሰብ ያለበት ይህ ነው።

አንድ ትልቅ ልዩነት ግን አለ። በካርዱ አሠራር አዲሱ ባንክ ብዙውን ጊዜ ለአሮጌው በቀጥታ ይከፍላል፤ የዕቁብ ብር ግን በእጅ ያልፋል። በዓል ደርሶ፣ ጥሩ ጣቃ በጥሩ ዋጋ መጥቶ ብሩ ዕቃ ላይ ከዋለ፣ ነጋዴው አራጣውንም ዕቁቡንም በአንድ ጊዜ ተሸክሟል። በሳምንት 5,000 ብር ከሽያጩ መውጣት ካልቻለም ነገሩ አይሆንም፤ ዕቁቡን ሲያቋርጥ የሚያዘው ዋሱ ነው፣ ዋሱ ደግሞ ጎረቤቱ ነው።

ስለዚህ ዕጣው በወጣ ቀን ከዋስዎ ወይም ከዕቁቡ ዳኛ ጋር በቀጥታ አበዳሪው ዘንድ ይሂዱ። ብሩን በምስክር ፊት ቆጥረው ያስረክቡ፣ ዕዳው ማለቁን በጽሑፍ ያስፈርሙ፤ የፈረሙትን ቼክ እጅዎ ሳያስገቡም ከዚያ አይነሱ።