ተበዳሪና አስያዥ

ጋዜጣ ስገልጥ ዓይኔ ቀድሞ የሚሄደው ወደ ሐራጅ ማስታወቂያው ነው፤ ጥብቅና ያመጣብኝ አመል። ባንኩ በአዋጅ ቁጥር 97/1990 በተሰጠው ሥልጣን መሠረት ቤቱን እንደሚሸጥ ይገለጽና ሰንጠረዡ ይከተላል፤ የተበዳሪው ስም፣ የንብረት አስያዡ ስም፣ ክፍለ ከተማ፣ ወረዳ፣ የካርታ ቁጥር፣ የቦታው ስፋት፣ መነሻ ዋጋ፣ ቀንና ሰዓት። ሁለቱ ስሞች አንድ ከሆኑ ሰውዬው በራሱ ቤት ተበድሮ አልሆነለትም። የሚከብደኝ ሲለያዩ ነው። በተለይ ከተበዳሪው ስም ቀጥሎ የአባት ስም ሆኖ የተጻፈው፣ በአስያዡ ዓምድ ፊት ለፊት ሲመጣ፣ ልጅ ለንግድ ተበድሮ አባት ካርታ እንዳስያዙለት ማንም ሳይነግረኝ ይገባኛል።

እነዚህ አባቶች ቢሮ ሲመጡ «ልጄ፣ እኔ ከባንክ አንድ ብር አልወሰድኩም» ነው የሚሉት። እውነታቸውን ነው። ነገር ግን ከፌስታሉ የሚወጣው የመያዣ ውል በየገጹ የእሳቸው ፊርማ አለበት። ሕጉ ለሌላ ሰው ዕዳ የራስን ቤት ማስያዝ ይፈቅዳል፤ ብሩ ማን እጅ ገባ ብሎ አይጠይቅም። እኔ ከዚያ ይልቅ የምፈልገው ሌላ ወረቀት ነው፤ የዋስትና ውል። ቤቱን ብቻ ያስያዘ ሰው ኃላፊነቱ ከቤቱ አያልፍም። በግሉም ዋስ ሆኖ ፈርሞ ከሆነ ግን ቤቱ ተሸጦ ያልሸፈነውን ዕዳ ባንኩ ከሌላ ንብረቱም ሊጠይቅ ይችላል። ሁለቱ ወረቀቶች በአንድ ቀን በአንድ ጠረጴዛ ላይ ይፈረማሉና የትኛውን እንደፈረመ የሚያስታውስ ጥቂት ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው «እግድ አውጣልኝ» ነው። ድሮ የፍትሐ ብሔር ሕጉ አበዳሪ ያለ ፍርድ ቤት መያዣውን ራሱ እንዲሸጥ የሚያደርገውን ስምምነት አይቀበልም ነበር። የ1990ው አዋጅ ይህን ለባንኮች ከፈተው፤ ዕዳው በጊዜው ካልተከፈለ ባንኩ ቢያንስ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ በሐራጅ ይሸጣል፣ ስሙንም ለገዢው ያዛውራል። ሥርዓቱን ጥሶ ከሸጠ ለጉዳቱ ይጠየቃል፤ ይህ ግን ቤቱ ከሄደ በኋላ የሚመጣ የካሳ ክርክር ነው። ስለዚህ 30ውን ቀን በፍርድ ቤት ደጃፍ መጨረስን አልመክርም። አንድ ነገር ግን ሳላይ አላልፍም፤ የሚስት ፊርማ። ቤቱ የጋራ ከሆነ የቤተሰብ ሕጉ ያለ ሁለቱ ስምምነት እንዳይያዝ ይላል፤ ያልፈረመው ወገን ባወቀ በ6 ወር፣ ቢበዛ ውሉ በተደረገ በ2 ዓመት ውስጥ ውሉ እንዲፈርስ መጠየቅ ይችላል። ችግሩ፣ ማስጠንቀቂያው የተሸሸገው ብዙ ጊዜ ከእሷው ነው። አልጋ ሥር የቆየ ፖስታ ስንት ቤት እንደበላ እኔ ነኝ የማውቀው!

ሰው የሚዘገየው አፍሮ ነው። ወለዱ ግን አያፍርም፣ ይቆጥራል። ክፍያው 90 ቀን ሲያልፈው ብድሩ ከተበላሹ ብድሮች ተርታ ይመደባል፤ ከዚያ በፊት ቅርንጫፍ ሄዶ ከብድር ባለሙያው ጋር የሚነጋገርና ከዚያ በኋላ የሚሄድ ሰው የሚጠብቃቸው ፊት አንድ አይደለም። ይሂዱ፣ በባዶ እጅ ግን አይሂዱ፤ ከውዝፉ የተወሰነውን ከፍለው፣ የመክፈያ ጊዜው እንዲራዘም በጽሑፍ አመልክተው፣ ቅጂው ላይ «ገቢ ሆኗል» የሚል ማህተም አስመትተው ይመለሱ። በቃል የተነገረ ተስፋ የብድር ባለሙያው ሲዛወር አብሮ ይዛወራል።

ማራዘሙ የማያዋጣ ከሆነ ደግሞ ቤቱን ራሳችሁ ሽጡት። ይህን ስል የሚቆጡኝ አሉ፤ «አንተም ከባንኩ ጋር ወገንክ» ይሉኛል። ሐራጅ ላይ ግን የሚመጣው ጥሬ ገንዘብ ያለው ሰው ብቻ ነው። አብዛኛው ማስታወቂያ የመነሻ ዋጋውን አንድ አራተኛ በሲፒኦ ያስይዙ ይላል፣ ቀሪውም በአጭር ቀናት ውስጥ ይከፈላል። በሁለተኛው ሐራጅም ገዢ ከጠፋ ባንኩ ራሱ በመጀመሪያው የመነሻ ዋጋ ሊረከበው ይችላል። ከባንኩ ጋር ተስማምቶ ገዢ ያመጣ ሰው ግን ዕዳው ከሽያጩ ላይ ይዘጋለታል፣ መያዣው ይነሳል፣ ዋጋውንም ተደራድሮ ነው የሚሸጠው።

አንድ አባት በዚህ መንገድ ሄደው ቤቱን ሸጡ። ዕዳው ተዘግቶ ጥቂት ሲተርፍ ገንዘቡ ለማን እንደሚመለስ ጠየቁኝ። የቤቱ ባለቤት እርስዎ ስለሆኑ ለእርስዎ ነው አልኳቸው። ትንሽ አሰብ አድርገው፣ «በቀጥታ ለልጁ እንዲገባለት ማድረግ አይቻልም?» አሉኝ። አይቻልም፣ በእርስዎ ሒሳብ ከገባ በኋላ ግን የራስዎ ጉዳይ ነው ብዬ ውክልናውን ዘጋሁ።