እንቢ የማይል ታካሚ

የሕክምና ተማሪ በሥነ ምግባር ትምህርት የጽሑፍ ፈተና እምብዛም አይወድቅም። የሚከብደው ታካሚው አልጋ አጠገብ ሲቆም ነው። ከሐይቅ ዙሪያና ከአምባሰል ቀበሌዎች ወደ ደሴ ለሕክምና የሚመጡ እናቶች ሐኪም አይከለክሉም። “ሆድዎን ልይልዎ?” ሲባሉ “እናንተ ታውቃላችሁ” ብለው ነጠላቸውን ራሳቸው ይገልጣሉ። ተማሪው ይህን ፈቃድ ብሎ እጁን ሲዘረጋ እንደ መምህርነቴ አስቆመዋለሁ።

እኒያ እናቶች የሰጡን አደራ እንጂ ፈቃድ አይደለም። ፈቃድ የሚገኘው ምን እንደምናደርግና ለምን እንደሆነ ከነገርናቸው በኋላ ነው፤ በተማሪ መታየት ባይፈልጉ ሕክምናቸው እንደማይጓደልም ማወቅ አለባቸው። የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 299/2006 የጤና ባለሙያው የታካሚውን ፈቃድ እንዲያገኝ፣ ምስጢሩንም እንዲጠብቅ አዟል።

ስለዚህ በታካሚዎች ጉብኝት (ራውንድ) ላይ ተማሪው መጀመሪያ “ተማሪ ነኝ” ብሎ ራሱን ያስተዋውቃል። መጋረጃ ይጋረዳል። አንዱ የመረመረውን ሆድ ሌሎቹ ተራ በተራ አይጫኑትም። ሴት ታካሚ ሴት መርማሪ ትመርጥ እንደሆነ ትጠየቃለች። የቲቢም ሆነ የኤችአይቪ ውጤት በአልጋዎች መካከል ጮክ ተብሎ አይነበብም፤ አንድ ገበያ የሚውሉ ሰዎች ጎን ለጎን በሚተኙበት ክፍል ወሬው ከታካሚው ቀድሞ ቀዬው ይደርሳል።

ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ከ2008 እስከ 2012 ዓ.ም. ላለው ጊዜ ባወጣው የለውጥ ዕቅድ ርኅሩኅ፣ አክባሪና ተንከባካቢ ባለሙያ ማፍራትን ከዋና አጀንዳዎቹ አንዱ አድርጎ ነበር። ትክክለኛ ዓላማ ነው። ነገር ግን ሲኒየር ሐኪሙ ታካሚ ፊት አስታማሚን ሲያመናጭቅ ያየ ተለማማጅ ሐኪም (ኢንተርን)፣ የወሰደው ሥልጠና በዚያች ቅጽበት ይፈርስበታል። ከመምህር አኗኗር መማር አዲስ ነገር አይደለም፤ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም የአባ ኢየሱስ ሞዓ ደቀ መዛሙርት ከመምህራቸው ጋር እየኖሩ፣ ንባቡን ብቻ ሳይሆን አኗኗሩንም ይማሩ ነበር። የእኛም ተማሪዎች ከአፋችን ይልቅ እጃችንን ያያሉ።

ምዘናችን ግን አሁንም ለግኝት ያደላል። ያበጠ ጣፊያን በትክክል ያገኘ፣ ታካሚዋን ግን ሳያስፈቅድ የነካ ተማሪ በአልጋ ዳር ፈተና ማለፍ የለበትም ብዬ አምናለሁ። ይህን መመዘኛ በተማሪ ላይ ከመጣላችን በፊት እኛ መምህራኑ በየማለዳው ራውንድ ልንፈተንበት ይገባል። ወደ ሐይቅ ወይም ወደ ውጫሌ ተመድቦ ማንም በማያየው ክፍል ብቻውን የሚሠራው ሐኪም፣ ይዞት የሚሄደው ከእኛ ያየውን ነው።