የድኻው ጥያቄና የጨረቃው መንገድ

ክፉ ዘመን በገባ ጊዜ የገበሬ ቤት የሚፈተነው በጐተራው ሳይሆን ለዘር ባኖረው ቍና ነው። ልጆቹ በራብ ሲያለቅሱ እየሰማ ለመጪው ክረምት ያስቀመጠውን ዘር የማይነካ አባት ጨካኝ ይመስላል፤ ዘሩን አስፈጭቶ የሚያበላ አባት ደግሞ ርኅሩኅ ይመስላል። ዳሩ ግን ሰኔ በደረሰ ጊዜ የሁለቱ ፍርድ ይገለበጣል። የመንግሥትም የገንዘብ አያያዝ ከዚህ የራቀ አይደለም። ገንዘብ የሞላ እንደ ሆነ ሁሉም ለጋስ ነው፤ ባነሰ ጊዜ ግን ይህ ይቅር፥ ያ ይቈይ የሚል ክርክር ይነሣል። የጠፈር መርከብ ባላቸው አገሮች ዘንድ፥ በዚህ ክርክር ውስጥ ከሁሉ አስቀድሞ ጣት የሚቀሰርበት ሰውን ወደ ጠፈር ለመላክ የሚወጣው ገንዘብ ነው። በምድር ላይ የተራበ ሰው ሳለ ሰማይን መመርመር ለምን አስፈለገ? ይባላል።

ጥያቄው የስንፍና ጥያቄ አይደለም፤ ስለዚህም በፌዝ ሊታለፍ አይገባውም። ይህን ጥያቄ ደጋግሞ የሰማና ደጋግሞ መልስ ለመስጠት የተገደደ አገር አሜሪካ ስለ ሆነ፥ ነገሩን በዚያው አገር ታሪክ መመርመር ይጠቅማል። ከዚህ በታች የተጻፉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

በጁላይ 15 ቀን 1969፥ ሦስት ሰዎችን ወደ ጨረቃ የሚወስደው ሮኬት ለማግሥቱ ተዘጋጅቶ በፍሎሪዳ ቆሞ ሳለ፥ ቄስ ራልፍ አበርናቲ ድኾች ቤተ ሰቦችን አስከትለው፥ በበቅሎ የሚሳብ ጋሪም ይዘው ወደ ስፍራው መጡ። እኒህ ሰው ዶክተር ማርቲን ሉተር ኪንግ በ1968 ከተገደሉ በኋላ በማኅበራቸው መሪነት የተተኩ ናቸው። የጠፈሩ መሥሪያ ቤት የናሳ አስተዳዳሪ ቶማስ ፔይንም ወጥተው በሜዳ ላይ ተቀበሏቸው። ቄሱ ከአገሪቱ ሕዝብ ከአምስቱ አንዱ የሚበቃ ምግብ፥ ልብስ፥ መጠለያና ሕክምና የሌለው መሆኑን ተናገሩ። አስተዳዳሪውም ሮኬቱን ማስቀረት የድኾቹን ችግር የሚያስቀር ቢሆን ኖሮ ነገ ከማስነሣቱ እንታቀብ ነበር ሲሉ መለሱ፤ አስከትለውም ስለ ተጓዦቹ ደኅንነት ጸሎት ለመኑ። ቄሱም ለመጸለይ እሺ አሉ። ከድኾቹም አንዳንዶቹ በማግሥቱ ከተጋበዙት እንግዶች ጋራ ሆነው የሮኬቱን መነሣት እንዲያዩ ተፈቀደላቸው። ያን ቀን አንዱ ሌላውን ሞኝ ነህ አላለውም፤ ሁለቱም እውነት ይዘው ነበርና።

የዚህ ሥራ አነሣሥ ከዕውቀት ፍቅር ብቻ የተወለደ አይደለም። በአፕሪል 12 ቀን 1961 የሶቪየት ኅብረቱ ዩሪ ጋጋሪን ከሰው ሁሉ አስቀድመው ምድርን በጠፈር ዞሩ። ጥቂት ቀንም ሳይቈይ አሜሪካኖች የደገፉት የኩባ ዘመቻ ከሸፈ። ፕሬዚዳንት ጆን ኬኔዲም በሜይ 25 ቀን በምክር ቤቱ ፊት ቆመው፥ ያ ዐሥር ዓመት ሳይፈጸም ሰው በጨረቃ ላይ አርፎ በደኅና እንዲመለስ አገራቸው እንድትቈርጥ አሳሰቡ። ነገር ግን እኒሁ ፕሬዚዳንት በኖቬምበር 1962 የዚያን ጊዜውን የናሳ አስተዳዳሪ ጄምስ ዌብን ባነጋገሩ ጊዜ፥ የጠፈር ነገር በራሱ ያን ያህል እንደማያሳስባቸው፥ ያ ሁሉ ገንዘብ የሚወጣው ሶቪየቶችን ለመቅደም እንደ ሆነ ገልጠው ነግረዋቸዋል። ንግግሩ በድምፅ መቅረጫ ተይዞ ስለ ነበር ከብዙ ዓመታት በኋላ ለሕዝብ ተሰማ።

ስለዚህ የመጀመሪያው ምክንያት የመንግሥት ክብር ነው። ክብር ሲባል ግን ከንቱ ውዳሴ ብቻ ማለት አይደለም። በዚያ ዘመን ብዙ አገሮች ከቅኝ ግዛት ወጥተው የትኛውን ሥርዓት እንደሚከተሉ ያመዛዝኑ ነበር፤ ጨረቃ ላይ አስቀድሞ የደረሰ ሥርዓት በምድርም ላይ ሰሚ ያገኛል ተብሎ ይታሰብ ነበር። ከዚህም የተነሣ በ1966 የናሳ ገንዘብ ከማዕከላዊው መንግሥት ወጪ ከመቶው 4.4 ያህል ደረሰ፤ የጨረቃውም ሥራ በጠቅላላው ከ25 ቢሊዮን ዶላር በላይ ፈጀ።

ገንዘቡ ወደ ጨረቃ ተላከ የሚለው አነጋገር ግን የተሳሳተ ነው። በጨረቃ ላይ ገበያ የለም። ዶላሩ ሁሉ የወጣው በምድር ላይ፥ ለሰው እጅና ለሰው አእምሮ ነው። ሥራው በበረታበት ጊዜ 400,000 ያህል ሰዎች፥ ከ20,000 የሚበልጡ ኩባንያዎችና ዩኒቨርሲቲዎች ይሳተፉበት ነበር። በቴክሳስ፥ በአላባማ፥ በሉዊዚያና፥ በካሊፎርኒያም የሥራው ድርሻ ስለ ተከፋፈለ፥ የየአውራጃው እንደራሴ በምክር ቤት የገንዘቡ ጠበቃ ሆነ። ይህ ነገር በአንድ ፊት ለብዙ ቤተ ሰብ እንጀራ ነው፤ በሌላ ፊት ደግሞ ሥራው ጥቅም ባይኖረውም እንኳ እንዳይቈረጥ የሚይዝ ሰንሰለት ነው። ሁለቱንም አለማየት ራስን ማታለል ይሆናል።

ጨረቃው ከተያዘ በኋላ ግን ሕዝቡ ቶሎ ጠገበ። የቬትናም ጦርነትና የዋጋ ውድነት ካዝናውን አጠበበው። በ1970 ገና የቀሩ ሦስት የጨረቃ ጕዞዎች ተሰረዙ፤ የመጨረሻዎቹ ሰዎች በዲሴምበር 1972 ከጨረቃ ተመለሱ። ለመብረር ከተሠሩት ታላላቅ ሮኬቶች የተረፉት ክፍሎች ለጐብኚ ማሳያ ሆነው በምድር ላይ ተጋደሙ። ግንብ ጀምሮ መጨረስ ባቃተው ሰው ላይ አላፊ አግዳሚው እንደሚሳለቅ በወንጌል የተነገረውን ምሳሌ ለሚያውቅ ሰው ይህ ትርኢት ሐዘን ያሳድራል።

በዚህ ጊዜ ካልታሰበ ወገን ጠበቃ ተነሣ። ካስፓር ዋይንበርገር የባጀቱ መሥሪያ ቤት ምክትል ሹም ነበሩ፤ ወጪ በመቍረጥ የታወቁ ሰው ስለ ነበሩም ባልንጀሮቻቸው ቢላዋ የሚል ቅጽል ሰጥተዋቸው ነበር። እኒህ ሰው በኦገስት 1971 ለፕሬዚዳንት ሪቻርድ ኒክሰን ማስታወሻ ጻፉ። የናሳ ገንዘብ የሚቈረጠው ሥራው ከንቱ ስለ ሆነ ሳይሆን ለመቍረጥ የሚመች ስለ ሆነ ብቻ ነው፤ ከዚህ በላይ ቢቈረጥም የአሜሪካ መልካም ዘመን አለፈ የሚለውን አሳብ በውስጥም በውጭም ያጸናል ሲሉ አስረዱ። ፕሬዚዳንቱም በማስታወሻው ላይ መስማማታቸውን በእጃቸው ጻፉበት። በጃንዋሪ 5 ቀን 1972 ደግሞ ተመላልሶ የሚበርረው የጠፈር መርከብ እንዲሠራ መወሰናቸውን አስታወቁ። በውሳኔው ውስጥ የካሊፎርኒያ የአይሮፕላን ፋብሪካ ሠራተኞች ሥራ ማጣትና የመጪው ምርጫ አሳብም ነበረበት። የመንግሥት ሥራ ከአንድ ምክንያት ብቻ የሚወለደው ጥቂት ጊዜ ነውና።

ከዚህ የሚበልጠው ፈተና በ1993 መጣ። የፕሬዚዳንት ክሊንተን መንግሥት የዕዳውን ብዛት ለመቀነስ በሚጥርበት ጊዜ፥ በጠፈር ላይ ሰው የሚኖርበት ጣቢያ መሠራቱ እንዲቀር የቀረበው አሳብ በጁን ወር በተወካዮች ምክር ቤት 216 ለ215 ሆኖ በአንድ ድምፅ ብቻ ወደቀ። በዚያው ዓመት በኦክቶበር ወር ግን በቴክሳስ ምድር ውስጥ ይሠራ የነበረው የአቶም ቅንጣቶች መመርመሪያ ታላቅ መሣሪያ፥ 2 ቢሊዮን ዶላር ያህል ወጥቶበትና 23 ኪሎ ሜትር ያህል ዋሻ ተቈፍሮለት ሳለ፥ ጨርሶ ተሰረዘ። ሁለቱም ውድ ነበሩ፤ የዋሻው ሥራ በዕውቀት ረገድ የሚናቅ አልነበረም። እንግዲህ አንዱ ለምን ወደቀ፥ ሌላውስ ለምን ቆመ? ጣቢያው የወዳጅ ገንዘብና የውል ማሰሪያ ነበረው። ካናዳ፥ ጃፓንና የአውሮፓ አገሮች አስቀድመው ገብተውበት ነበር፤ በሴፕቴምበር 1993 ደግሞ የሩሲያ መንግሥት አብሮ ለመሥራት ተስማማ። ሶቪየት ኅብረት በፈረሰ ጊዜ ደመወዝ ያጡት የሩሲያ መሐንዲሶች ዕውቀታቸውን የጦር መሣሪያ ለሚፈልግ ሁሉ እንዳይሸጡ፥ በሰላም ሥራ ላይ ማዋል ለአሜሪካ ደኅንነት ርካሽ መንገድ ሆኖ ታየ። በማግሥቱ ዓመት ጣቢያው በምክር ቤት በብዙ ድምፅ ብልጫ አለፈ።

ከኖቬምበር 2 ቀን 2000 ወዲህ ያ ጣቢያ አንድ ቀን እንኳ ያለ ሰው አላደረም። በ2022 የተነሣው የዩክሬን ጦርነት አሜሪካንና ሩሲያን በብዙ ነገር ባለያየ ጊዜ እንኳ፥ የሁለቱ ሰዎች በአንድ ጣሪያ ሥር ሆነው አንድ አየር ሲተነፍሱ ቈይተዋል። ይህ ፍሬ በሒሳብ መዝገብ ላይ አይጻፍም፤ ይሁን እንጂ አምባሳደር ያለው ማንኛውም መንግሥት ዋጋውን ያውቀዋል።

ሌላው ምክንያት የእጅ ሥራ ነው። ሙያ እንደ እህል ተጐትሮ አይቀመጥም፤ ካልሠሩበት ከባለ እጁ ጋራ ይሞታል። አሜሪካ ተመላላሹን መርከብ በ2011 አሳርፋ ምትኩን ሳታደርስ በቀረች ጊዜ፥ እስከ ሜይ 2020 ድረስ ሰዎቿን ወደ ጣቢያው የምትልከው በሩሲያ መርከብ ላይ መቀመጫ እየገዛች ነበር። የአንዱም ሰው መቀመጫ ዋጋ በመጨረሻ ከ80 ሚሊዮን ዶላር በላይ ደረሰ። ያቋረጡትን ሙያ ከጐረቤት መግዛት ምን ያህል እንደሚያስከፍል ከዚህ ይታያል።

ይህ ሁሉ ሲሆን ግን ዘር ተብሎ የተቀመጠ ሁሉ ዘር አይደለም፤ ጌጥም ዘር ነኝ ብሎ በጐተራ ሊያድር ይችላል። ለምርምር ብቻ ከሆነ ሰው የሌለበት መሣሪያ በጥቂት ገንዘብ ሩቅ ይሄዳል፤ በ1977 የተላኩት ሁለቱ ቮየጀሮች ከማንም ሰው ይልቅ ርቀው ሄደዋል፥ እንባም አላስከተሉም። ተመላላሹ መርከብ ግን በ1986 እና በ2003 ዐሥራ አራት ሰዎችን ይዞ ጠፍቷል፤ ርካሽ ይሆናል ተብሎ የተጀመረውም እጅግ ውድ ሆኖ ተገኘ። በ2022 ደግሞ የናሳ ዋና ተቈጣጣሪ፥ ወደ ጨረቃ ለመመለስ የተሠራው አዲሱ ሮኬት በመጀመሪያዎቹ አራት ጕዞዎች በእያንዳንዱ 4.1 ቢሊዮን ዶላር እንደሚፈጅ ለምክር ቤት አስረድተው፥ በዚህ ዋጋ ሊዘለቅ እንደማይቻል ተናገሩ። እንዲህ ያለውን ቃል ያለ ፍርሃት የሚናገር ተቈጣጣሪ ያለው ሥራ ሊታረም ይችላል፤ ተቈጣጣሪ የሌለው ሥራ ግን ምንም የከበረ ስም ቢሰጠው የድኻን ገንዘብ ይበላል።

እንግዲህ ዘሩ ከጌጡ የሚለይበት መንገድ የታወቀ ነው። ቢቋረጥ ተመልሶ የማይገኝ ሙያን የሚጠብቅ፥ ጠላት ሊሆን የሚችለውን ባልንጀራ የሚያደርግ፥ ወጪውንም በአደባባይ የሚያስመረምር እንደ ሆነ ዘር ነው። ለአንድ ሹም ዝና ወይም ለአንድ አውራጃ ድምፅ ብቻ የሚሠራ እንደ ሆነ ግን ጌጥ ነው፤ በራብ ቀንም ጌጥ ይሸጣል።

የቄሱ ጥያቄ በቍጥር ብቻ ሊመለስ ይችል ይመስላል። በ2024 የናሳ ባጀት 25 ቢሊዮን ዶላር ያህል ነበር፤ ይህም ከማዕከላዊው መንግሥት ወጪ ከመቶው ግማሽ እንኳ አይሞላም። ስለዚህ ጨርሶ ቢሰረዝ የድኻው መሶብ የሚሞላ አይደለም። ዳሩ ግን ድኻው የጠየቀው የሒሳብ ጥያቄ አልነበረም፤ የፈቃድ ጥያቄ ነበር። ቀን ቈርጦ፥ ገንዘብ መድቦ፥ አዋቂዎቹን ሰብስቦ በስምንት ዓመት ጨረቃ ላይ የደረሰ መንግሥት፥ ለእንጀራና ለሕክምና እንዲህ ያለ ቀን መቍረጥ ለምን ተሳነው? የጠፈር ሥራ ወዳጆች ሁሉ ይህን ጥያቄ ሊፈሩት ሳይሆን ሊቀበሉት ይገባል፤ ሊሠራ የማይችል የሚመስል ነገር ሁሉ በቍርጥ አሳብ እንደሚሠራ ያስተማሩት እነርሱ ናቸውና።

ያን የጁላይ ቀን በሜዳ ላይ አንዱ ለድኾች እንጀራ ጠየቀ፥ ሌላው ለተጓዦች ጸሎት ለመነ። ጸሎቱ ተሰጠ፤ ተጓዦቹም በደኅና ተመለሱ። የእንጀራው ልመና ግን እስከ ዛሬ በደጅ ቆሟል። በጠባብ ባጀት ሰውን ወደ ሰማይ የሚልክ መንግሥት ሁሉ፥ ያን ባለ ጋሪ ከደጁ ሳያባርር፥ ነገር ግን ዘሩን ሳያስፈጭ፥ በጀመረበት ቍርጥ አሳብ የምድሩንም ሥራ ሊፈጽም ይገባዋል።