አርዤሊዬ፤ እውነተኛ ወይን የጠየቀች መንደር

በደቡብ ፈረንሳይ፥ ከናርቦን ከተማ በስተ ሰሜን ምዕራብ፥ አርዤሊዬ የምትባል ትንሽ መንደር አለች። ዙሪያዋ የወይን ተክል ነው፤ ኑሮዋም ጠባይዋም ከዚሁ ተክል የተቀዳ ነው። ዛሬ ስለ እርስዋ ለአንባቢዎቻችን ጥቂት ልናወጋ ወደድን።

የወይን ገበሬ ኑሮ ከሩቅ ለሚያየው ድግስ ይመስላል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። ብርድ በሚጸናበት ወራት ገበሬው ጐንበስ ብሎ ሐረጉን አንድ በአንድ ይገርዛል፤ ብርዱ ሲያልፍ ይኰተኵታል፤ በሙቀቱ ወራት ሻጋታ እንዳይመታው ድኝ ይነፋበታል። ቀድሞ በመስከረም ለቀማው ሲደርስ ወንድ ሴት ሳይባል መንደሩ በሙሉ ይወጣ ነበር። የዓመቱ ድካም የሚታፈሰው በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ነው። ከዚያ በኋላ የሚቀረው ገዢ ማግኘት ነው፤ ገዢውም በርሜሉን እንጂ ሐረጉን አያይምና፥ የሚገዛው ገበሬውን አምኖ ነው።

ይህ እምነት በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ፈተና ደረሰበት። ፊሎክሴራ የተባለ ጥቃቅን ተባይ ሥሩን እየበላ የፈረንሳይን ወይን አጠፋ። ገበሬዎቹ ተባዩን በሚቋቋም የአሜሪካ ወይን ሥር ላይ የራሳቸውን ሐረግ እያዳቀሉ እንደ ገና ተከሉ። ወይን በጠፋበት ጊዜ ግን በስኳርና በውሃ የሚበጅ የሐሰት ወይን ገበያውን ለምዶት ነበር። አዲሱ ተክል ብዙ ማፍራቱና ከአልጄሪያ የሚመጣው ወይን ሲጨመርበት ዋጋው ወደቀ፤ የገበሬው ወይን ሳይሸጥ ቀረ።

መጋቢት 11 ቀን 1907 (እ.ኤ.አ.) ከአርዤሊዬ 87 ሰዎች ተነሥተው፥ ጉዳዩን ሊመረምር ለመጣው የምክር ቤት ኮሚሲዮን አቤቱታቸውን ለማሰማት ናርቦን ድረስ ሄዱ። መሪያቸው ማርሴለን አልቤር የተባለ ወይን ተካይና የቡና ቤት ባለቤት ነበር። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንዲሉ፥ በየእሑዱ ሕዝቡ እየበዛ ሄዶ ሰኔ 9 ቀን በሞንፔልዬ ከተማ ከ500,000 በላይ እንደ ተሰበሰበ ይገመታል። በዚያው ወር ናርቦን ላይ ወታደሮች ተኩሰው ሰዎች ሞቱ።

አልቤር ተደብቆ ፓሪስ ገባና ጠቅላይ ሚኒስትሩን ክሌማንሶን አነጋገረ። ክሌማንሶ ለባቡር መሳፈሪያ 100 ፍራንክ ሰጡት፤ እርሱም ተቀበለ። ወዲያው ነገሩ በጋዜጠኞች ፊት ተገለጠ። ሕዝቡን አስከትሎ የነበረው ሰው በአንድ ቀን እንደ ተገዛ ተቈጠረ። በ1921 ሲሞት የቀድሞ ክብሩ አልነበረውም።

አቤቱታው ግን ከሰውዬው ጋር አልወደቀም። ሰኔ 29 ቀን 1907 የወጣው ሕግ እያንዳንዱ አምራች የሰበሰበውን ወይን መጠን እንዲያስታውቅ አዘዘ፤ የስኳሩንም ነገር በቍጥጥር ሥር አደረገ። በዚያው ዓመት መስከረም የደቡብ ወይን ተካዮች ማኅበር ተቋቋመ።

ወጣት አንባቢዎቻችን ሆይ፥ ከእናንተ ብዙዎቹ ነገ የሕዝብ አቤቱታ በሚቀርብበት ጠረጴዛ ትቀመጣላችሁ። የአርዤሊዬ ሰዎች የለመኑት ምጽዋት አልነበረም፤ ወይን የተባለው ወይን ይሁን ብለው ነው የጠየቁ። 87ቱ በመጡ ጊዜ ቢሰሙ ኖሮ፥ ግማሽ ሚሊዮኑን መጠበቅ ባላስፈለገም ነበር እንላለን። ሕዝብን ለሚመራም ቢሆን፥ የወይን ገበሬ ሕግ ይበቃዋል፤ እምነት እንደ ሐረግ ቀስ ብሎ ያድጋል፥ የሚቈረጠው ግን በአንድ ጊዜ ነው።