ውኃን በግፊት የሚረጭ የማጠቢያ መኪና ስለ መምረጥ

አውቶሞቢልን፣ የግቢን ንጣፍ ድንጋይና የከብትን ቤት ለማጠብ ውኃን በግፊት የሚረጨው መኪና ለቤተ ሰብ እጅግ የሚረዳ መሣሪያ ነው። ኬርሸር የሚባለው የጀርመን ኩባንያ በ1950 እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በአውሮፓ የመጀመሪያውን የሙቅ ውኃ የግፊት ማጠቢያ ከሠራ ወዲህ ዓይነቱ በዝቷል። ዓይነቱ ሲበዛ ግን ገዢው የሚሳሳትበትም መንገድ ስለሚበዛ፣ ጥቂት ምክር ለአንባቢዎቻችን እናቀርባለን።

አስቀድሞ ስለ ኃይሉ እንናገራለን። በመኪናው ላይ ሁለት ቍጥር ተጽፎ ይገኛል፤ አንደኛው ባር የሚባለው የግፊት ልክ፣ ሁለተኛው በሰዓት የሚያፈሰው የውኃ ሊትር ነው። ግፊቱ እድፉን ያላቅቃል፤ የውኃው ብዛት የተላቀቀውን ጠርጎ ይወስዳል። ስለዚህ ሁለቱን አባዝቶ ማመዛዘን ይገባል። 150 ባርና 300 ሊትር ሲባዛ 45,000 ይሆናል፤ 120 ባርና 450 ሊትር ግን 54,000 ነው። እንግዲህ ባሩ ያነሰው በሥራ ይበልጣል ማለት ነው። ደግሞም ብዜቱ ለ36 ቢካፈል የውኃው ኃይል በዋት ይታወቃል። ሞተሩ 2,000 ዋት ሆኖ ሳለ 200 ባርና 500 ሊትር የተጻፈበት ቢገኝ፣ ሒሳቡ ከ2,770 ዋት በላይ ይደርሳል። ከሞተሩ ኃይል የሚበልጥ ኃይል ከውኃው ሊወጣ ስለማይቻል፣ ሁለቱ ቍጥሮች ባንድ ጊዜ የሚገኙ አይደሉም።

ሁለተኛው ነገር ዕድሜው ነው። የፓምፑ ራስ ከናስ የተሠራ እንደሆነ ከአሉሚኒዮሙ ይልቅ ዝገትን ይችላል። ካርቦን ያለበት ሞተር ቀላልና ርካሽ ነው፤ ነገር ግን ይጮኻል፣ ካርቦኑም ያልቃል። ኢንደክሽን የሚባለው ሞተር ከባድና ውድ ቢሆንም ድምፁ ዝቅ ያለ፣ ዕድሜውም የረዘመ ነው። አንድ አውቶሞቢል በሳምንት አንድ ጊዜ ለሚያጥብ ሰው የፊተኛው ይበቃል፤ ዕለት ዕለት ለሚሠራበት ግን የኋለኛውን መግዛት ይሻላል። ጎሚኒውና የውኃ ጎማው ለብቻው የሚሸጥ መሆኑንም አስቀድሞ መጠየቅ ያስፈልጋል።

የቧንቧ ውኃ በተራ በሚመጣበት ሰፈር፣ መኪናው ከበርሜል ወይም ከታንከር ስቦ የሚሠራ መሆኑን መጠየቅ ይገባል። ፓምፑ ያለ ውኃ ሲዞር ጎሚኒው ይቃጠላልና። አሸዋ እንዳይገባም ማጣሪያውን ማጽዳት ነው። ሥራው ሲያልቅ ሞተሩን አጥፍቶ፣ መርጫውን ተጭኖ በውስጡ የቀረውን ግፊት ማስወጣት ነው።

ከሁሉ ይልቅ ጥንቃቄ የሚያሻው የሰው ገላ ነው። ይህ ውኃ ቆዳን በስቶ ወደ ሥጋ ሊገባ ይችላል። ቍስሉ በውጭ ሲታይ የመርፌ ቀዳዳ ቢያህልም በውስጥ ብዙ ስለሚጎዳ፣ ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም ቤት መሄድ ይገባል። ስለዚህ መርጫውን ለልጅ መስጠት፣ ወደ ሰውም ሆነ ወደ እንስሳ ማዞር ፈጽሞ አይገባም። መኪናው የሚሰካውም የመሬት ሽቦ ባለው ሶኬት ላይ ብቻ ይሁን።